የሲካዳው ምርቃና

የአወዳይ ጫት ነጋዴ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ጫቱ ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ ቅጠሉ እየጠወለገ፣ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገርም ኃይሉ ወደ ደከመ ውህድ እየተቀየረ ይሄዳል። ዙርባው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መኪናውም የሚከንፈው ለዚህ ነው። ካቲኖን ከጫት ቅጠል ውስጥ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ይህን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ተክሎች ብቻ እንደሆኑ ሲታሰብ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ግሬግ ቦይስ፣ ማት ካሰንና ሌሎች የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካቲኖንን ጨርሶ ባልተጠበቀ ቦታ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ያገኙት ፈንገስ በያዘው ሲካዳ ገላ ውስጥ ነበር።

ሲካዳ ክንፉ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ጩኸቱ ጆሮ የሚያደነቁር ነፍሳት ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የሚኖሩት ዓይናቸው የቀላ አንዳንድ ዝርያዎች ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየመጠጡ 13 ወይም 17 ዓመት ይቆዩና በአንድ የጸደይ ወቅት በሚሊዮን እየሆኑ ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ የሚቀራቸው የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ነው፤ እሱንም በዜማና በተራክቦ ይጨርሱታል።

ማሶስፖራ የተባለው ፈንገስ አፈሩ ውስጥ ሆኖ ይህን ቀን ይጠብቃል። ከአፈር ሊወጣ ሲል የተለከፈው ሲካዳ ክንፍ ካወጣ ከቀናት በኋላ የገላው የኋላ ሲሶ ከነብልቱ ተገንጥሎ ይወድቃል። በምትኩ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ክምር ብቅ ይላል፤ በስፖር፣ ማለትም በፈንገሱ ዘር የታጨቀ ክምር ነው። ሲሶ ገላውን ያጣ ፍጡር በቆመበት መውደቅ ነበረበት። ሲካዳው ግን ይሄዳል፣ ይበራል፣ ብልት ሳይኖረው ለመራከብ ይታገላል። ክንፉን ባርገበገበ ቁጥር ነጩ ስፖር ከወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት ይረግፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ጤነኛ ሴት ሲካዳ የወንዱን ዜማ ስትሰማ ክንፏን ቀጭ አድርጋ «እሺ» ትለዋለች። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ በፈንገሱ የተያዙ ወንዶችም ይህንኑ የሴት ምልክት ይሰጣሉ። ሌሎች ወንዶች ሴት አገኘን ብለው ሲመጡ ፈንገሱን ይዘው ይመለሳሉ። የተያዘው ወንድ ሴቶችን ማሳደዱንም ስለማይተው በሽታው ለሁለቱም ጾታዎች ይዳረሳል።

ካቲኖን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጫት የቃመ ሰው ምግብ ሳያሰኘው፣ እንቅልፍም ሳይወስደው ያነጋል። የዌስት ቨርጂኒያዎቹ ተመራማሪዎች ሲካዳውም በገላው መቆረጥ ሳይበገር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው ይህ ንጥረ ነገር ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አላቸው፤ በሙከራ ገና አልተረጋገጠም። በየዓመቱ በሚወጡና ማሶስፖራ በያዛቸው ሌሎች የሲካዳ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ቅዠት በሚያመጡ እንጉዳዮች የሚታወቀው ሲሎሳይቢን ተገኝቷል። ካሰን ለምርምሩ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የአሜሪካን የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እስከ መጠየቅ ደርሷል።

ሁሉም ፈንገስ በዚህ መንገድ አይሠራም። በታይላንድ ጫካ ኦፊዮኮርዲሴፕስ የተባለው ፈንገስ የያዘው ጉንዳን ከመንጋው ተለይቶ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቅጠል ይሄድና የቅጠሉን ጅማት ነክሶ እዚያው ይሞታል። ከዚያም ከጭንቅላቱ ኋላ የፈንገሱ ግንድ ይበቅላል። የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 የተያዙ ጉንዳኖችን እጅግ ስስ አድርጎ እየቆረጠ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ የፈንገሱ ሴሎች እርስ በርስ ተያይዘው ጡንቻውን ከበውት አገኘ። አንጎሉ ውስጥ ግን አልገቡም።

የፍራፍሬ ዝንብን የሚይዘው ኢንቶሞፍቶራ ግን አንጎል ውስጥ ይገባል። ዝንቧ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ከፍታ ትወጣለች፤ በአፏ ተጣብቃ፣ ክንፏን ዘርግታ ትሞታለች። ተመራማሪዋ ካሮሊን ኤሊያ ይህን ፈንገስ ያገኘችው ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ በጓሮዋ የበሰበሰ ፍራፍሬ አስቀምጣ ዝንብ ስታጠምድ ነው። በኋላም በሃርቫርድ ከባልደረቦቿ ጋር፣ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ካሉ ዝንቦች የወሰዱትን ደም ለጤነኞቹ ሲሰጡ ጤነኞቹም መቅበጥበጥ ጀመሩ። ዝንቧን የሚያስነሳው ነገር በደሟ ውስጥ ይዘዋወራል ማለት ነው።

ማሶስፖራ ወቅቱ ሲያበቃም ሥራውን አይጨርስም። ዘግይተው የተያዙት ሲካዳዎች የሚያራግፉት የሚበንን ዱቄት ሳይሆን ግድግዳው የወፈረ፣ ለረጅም ዕንቅልፍ የተዘጋጀ ስፖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በምሥራቅ አሜሪካ ዛፎች ሥር የረገፈው ስፖር አሁን አፈር ውስጥ ነው፤ የዚያ ዓመት ሲካዳዎች ልጆችም ከጎኑ ሥር እየመጠጡ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት እ.ኤ.አ. በ2038 ነው።