ትእዛዝና አርጉመንት፦ ከፕሮግራም ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት

በሊኑክስም ሆነ በሌሎቹ የዩኒክስ ዝርያዎች አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያስነሳ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያስረክበው ዝርዝር ነው። «ፎርክ» የተባለው ጥሪ የአስነሺውን ግልባጭ ይፈጥራል፤ «ኤግዜክ» ደግሞ ግልባጩን በአዲሱ ፕሮግራም ይተካዋል። ኤግዜክ ከሚቀበላቸው ነገሮች አንዱ የአርጉመንቶች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ አርጉመንት ለብቻው የቆመ፣ በዜሮ ባይት የሚዘጋ ጽሑፍ ስለሆነ ክፍት ቦታም፣ ጥቅስም፣ አዲስ መስመርም ቢይዝ ችግር የለበትም። በዚህ ደረጃ የሚቆራርጥም የሚተረጉምም የለም።

የሚቆራርጠውና የሚተረጉመው ሸል ነው። ሸል ራሱ ተራ ፕሮግራም ነው፤ ሰው ተርሚናል ላይ የጻፈውን መስመር በክፍት ቦታ እየከፋፈለ፣ «$» የቀደመውን ስም በያዘው ዋጋ፣ «*»ን በፋይል ስሞች እየተካ፣ «;» ሲያይ አዲስ ትእዛዝ እየጀመረ፣ በመጨረሻ ያንኑ ኤግዜክን ይጠራል። ለሚተይብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግር የሚመጣው ፕሮግራም እንደ ሰው መስመር እየጻፈ ለሸል ሲያቀብል ነው።

የሲ ቋንቋ «ሲስተም» የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የተሰጠውን ጽሑፍ እንዳለ ለሸል ያስረክባል። የፓይተን «ኦኤስ ዶት ሲስተም» እና የፒኤችፒ «ሸል ኤግዜክ»ም ከዚያው ወገን ናቸው። አንድ ኮድ «የሐምሌ ሪፖርት» የተባለውን ፋይል ለመሰረዝ ስሙን ከ«አርኤም» ትእዛዝ ጋር አጣብቆ ቢልክ፣ ሸሉ የሚያየው «የሐምሌ» እና «ሪፖርት» የተባሉ ሁለት ፋይሎችን ነው። «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፋይል በዚያው ማኅደር ካለ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ሊሰረዝ የታሰበው በቦታው ይቀራል። (በስሙ መካከል የገባው የግእዙ ሁለት ነጥብ «፡» ቢሆን ኖሮ ስሙ ባልተከፈለ ነበር፤ ሸሉ ሲከፋፍል እንደ ባዶ ቦታ አይቆጥረውም።) ስሙ ከድረ ገጽ ቅጽ፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ከሆነ ነገሩ ከስህተት ወደ ጥቃት ያልፋል፤ ሰውየው ከስሙ አስከትሎ «;» እና የራሱን ትእዛዝ ቢጨምር ሸሉ ሁለቱንም ይፈጽማል።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚሞክሩት መድኃኒት ስሙን በጥቅስ ማጠር ነው። አይበቃም። በድርብ ጥቅስ ውስጥ «$» ሥራውን አያቆምም፤ በነጠላ ጥቅስ የታጠረውን ደግሞ በስሙ ውስጥ ያለ ሌላ ነጠላ ጥቅስ ያፈርሰዋል። ፓይተን ከ3.3 ጀምሮ አጥሩን በትክክል የሚያጥር «ሽሌክስ ዶት ኮት» የተባለ ፈንክሽን አለው፤ እሱም ቢሆን የተሠራው ለዩኒክስ ሸሎች ብቻ ነው።

የተሻለው ሸሉን ከመካከል ማውጣት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 2.4 ጋር የመጣው «ሰብፕሮሰስ» ሞጁል የፕሮግራሙን ስምና አርጉመንቶቹን በዝርዝር ተቀብሎ እንዳሉ ያደርሳቸዋል፤ «የሐምሌ ሪፖርት»ም አንድ አርጉመንት ሆኖ ይገባል። «*» ያን ጊዜ ተራ ኮከብ ነው፤ የፋይል ስሞችን መፈለግ ካስፈለገ የቋንቋው የራሱ «ግሎብ» አለ። በኖድ ጄኤስ ግን «ኤግዜክ» የሚለው ስም አሳሳች ነው፤ ሸልን የሚጠራው እሱ ሲሆን የማይጠራው «ኤግዜክፋይል» ነው። በሰብፕሮሰስም አንድ ወጥመድ አለ። ዝርዝር ሰጥቶ «ሸል» የሚለውን አማራጭ አብሮ የሚያበራ ሰው በዩኒክስ ላይ ትእዛዝ የሚሆንለት የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። የቀሩት የሸሉ የራሱ አርጉመንቶች ይሆናሉ፤ ፕሮግራሙም ባዶ እጁን ይነሳል።

ዝርዝርም ሁሉን አይፈታም። በ«-» የሚጀምር የፋይል ስም ተቀባዩ ፕሮግራም ዘንድ እንደ አማራጭ ይቆጠራል፤ ለዚህ በብዙ ትእዛዞች ከስሙ በፊት «--» ማስገባት የአማራጮችን መጨረሻ ያመለክታል። ኤስኤስኤች ደግሞ የተሰጡትን የትእዛዝ ቃላት በክፍት ቦታ መልሶ ያጣብቅና ሩቅ ላለው ኮምፒውተር ሸል ይልካቸዋል፤ በዚህ በኩል የተጣለው ሸል በዚያ በኩል ይጠብቃል።

በዊንዶውስ ነገሩ ከሥሩ ይለያል። «ክሪኤት ፕሮሰስ» የሚቀበለው አንድ መስመር ነው፤ ርዝመቱም ቢበዛ 32,767 ፊደል። መስመሩን የሚከፋፍለው የተነሳው ፕሮግራም ራሱ ሲሆን፣ የባች ፋይሎች ደግሞ በሌላ ደንብ በሚሠራው «ሲኤምዲ» በኩል ያልፋሉ። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የረስት ቋንቋ አዘጋጆች በዚህ ክፍተት በኩል ትእዛዝ ማስገባት እንደሚቻል አስታውቀው 1.77.2 የተባለውን እርማት አወጡ። ቋንቋው ከዚያ ወዲህ በደኅና ማጠር የማይችለው አርጉመንት ለባች ፋይል ሲሰጠው ስህተት ይመልሳል።

ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር ይቀራል። ዜሮ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ከሸል የሚመጣ 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ደግሞ ተገኝቶ ሊሄድ አልቻለም ይላል። የሰብፕሮሰስ «ረን» ይህን ቁጥር መዝግቦ ዝም ይላል፤ ውድቀቱ ፕሮግራሙን እንዲያስቆም የሚፈልግ ሰው «ቼክ» የሚለውን አማራጭ ማብራት አለበት።