ከመርከቡ በፊት ብርጭቆው

ካርቱም ውስጥ ሻይ የሚጠጣው በትንሽ ብርጭቆ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከመሥሪያ ቤት አጥር ጎን «ሲት አልሻይ» የሚሏት ሻይ ሻጭ ከሰሏን አቀጣጥላ ትቀመጣለች፤ ከፊቷ የሻይ ቅጠሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ዝንጅብሉና ናናው በየጣሳው ተደርድሯል። ኑሮ ከአገራቸው ያስወጣቸው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እህቶቻችንም የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ሥራ ነው። ከጣሳዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚጎድለው የስኳሩ ነው፤ ስኳር የሌለው ሻይ ለካርቱም ሰው ሻይ አይባልምና። ሁለቱ ዓባዮች በዚህች ከተማ ይገናኛሉ፤ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በነጭ ዓባይ አጠገብ፣ በዓለም ካሉት ግዙፍ የስኳር ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው ከናና ቆሟል። ያም ሆኖ በጣሳው ውስጥ ያለው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከብራዚል ወይም ከሕንድ በመርከብ የመጣ ነው። ውሃውም፣ ፀሐዩም፣ ሜዳውም፣ ፋብሪካውም ያለው አገር ስለ ምን ስኳር ይገዛል? ጥያቄው ሱዳንን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ኪሎ ስኳር በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ደጃፍ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ጥያቄው የራሱ ነው።

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የዓለም የስኳር ገበያ ምን ዓይነት ገበያ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓለም በዓመት 180 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስኳር ያመርታል። ከዚህ ውስጥ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ሲሶው ያህል ነው፤ የቀረው እዚያው በተመረተበት አገር ያልቃል። ከሚሸጠው ደግሞ በቅርብ ዓመታት ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከአንድ አገር፣ ከብራዚል ነው። ታይላንድ፣ ሕንድ፣ አውስትራሊያና ጓቴማላ ይከተላሉ። ስለዚህ «የዓለም ዋጋ» የምንለው ጥቂት አገሮች የራሳቸውን ቤት ካጠገቡ በኋላ የተረፋቸውን የሚሸጡበት ዋጋ ነው። አንድ ድርቅ ወይም አንድ የመንግሥት ውሳኔ ትርፉን ሲቀንሰው ዋጋው ይሰቀላል፤ ትርፉ ሲበዛ ደግሞ ከማምረቻ ወጪ በታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 አንድ ፓውንድ ያልተጣራ ስኳር ከ60 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ተሸጦ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከ10 ሳንቲም በታች ወረደ፤ በ1980 ተመልሶ 40 አለፈ፤ በ1985 ደግሞ ከ3 ሳንቲም በታች ሆነ። የሸንኮራ እርሻ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት የሚቆይ ሀብት ነው፤ ፋብሪካ ለመትከልም ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ በሚዋዥቅ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ፋብሪካ ማቀድ በጎርፍ ሰዓት የወንዙን ስፋት ለክቶ ድልድይ እንደመሥራት ነው።

ከናና የታቀደው ልክ በዚያ የጎርፍ ሰዓት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘብ ተትረፈረፋቸው፤ ምግባቸውን ግን ከሩቅ ይሸምቱ ነበር። ሱዳን ደግሞ ሰፊ መሬትና የዓባይ ውሃ ነበራት። «ሱዳን የዓረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት ትሆናለች» የሚለው ተስፋ የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ሎንሮ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ መንግሥት አቀረበ፤ በ1975 ኩባንያው ተመሠረተ፤ ከሱዳን መንግሥት ጎን ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ ዋነኞቹ ባለ አክሲዮኖች ሆኑ። ሥራው ሲጀመር የተገመተው ወጪ ብዙ እጥፍ አድጎ ከ600 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሎንሮም ሥራው ሳያልቅ ከአስተዳዳሪነቱ ተነሣ። ፋብሪካው በመጋቢት 1981 በይፋ ተመረቀ። ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1982፣ መንግሥት የስኳር ዋጋ በመጨመሩ በካርቱምና በሌሎች ከተሞች ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። የእነዚህ ሁለት ቀኖች መቀራረብ ብዙ ይናገራል፤ የአገሪቱ ኩራት የሆነው ፋብሪካ ቆሞ ሳለ የሻይ ጠጪው ብርጭቆ ገና አልተጠበቀም ነበር።

የከናና ኩባንያ በተመሠረተበት በዚያው በ1975፣ በኅዳር ወር፣ ብራዚል ፕሮአልኮል የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረች። መነሻው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሱዳንን የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ እንዳነሣሣት፣ ብራዚልን ያነሣሣት የነዳጅ ውድነት ነው። አቅጣጫቸው ግን ተለያየ። ብራዚል ከሸንኮራ የሚወጣውን ኢታኖል ለገዛ መኪኖቿ ማገዶ አደረገችው። ገበሬውም ሆነ ወፍጮው ከውጭ ገዢ በፊት አገር ቤት የማይታጣ ደንበኛ አገኙ። በ1990 የስኳሩን ዘርፍ ይቆጣጠር የነበረው የመንግሥት ተቋም ሲፈርስ ብራዚል ወደ ውጭ የምትልከው ስኳር ገና ከ2 ሚሊዮን ቶን ያነሰ ነበር። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ቤንዚንም ኢታኖልም የሚቀበሉ መኪኖች ተስፋፉ። ዛሬ ብዙዎቹ ወፍጮዎች የስኳር ዋጋ ሲጥም ስኳር፣ ሲጎመዝዝ ኢታኖል ያመርታሉ፤ በ2023/24 የምርት ዘመን ወደ ውጭ የወጣው ስኳር 35 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። ብራዚልን ላኪ ያደረጋት ዝናቡና መሬቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት በሆነ ነበር። ታይላንድም በ1984 ባወጣችው ሕግ ከስኳር የሚገኘው ገቢ 70 በመቶው ለገበሬው፣ 30 በመቶው ለወፍጮው እንዲከፈል ደንግጋ ነው ወደ ላኪነት ያደገችው። ሕንድ ደግሞ ምርቷ ያነሰ ሲመስላት ለአገሯ ሕዝብ ስትል መላኩን ትገታለች፤ በ2023 ያደረገችውም ይህንኑ ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ዋጋው በ12 ዓመት ውስጥ ወዳልታየ ከፍታ፣ ወደ 28 ሳንቲም፣ ሲወጣ አንዱ ምክንያት ይህ ውሳኔ ነበር። ትልልቆቹን ላኪዎች አንድ የሚያደርጋቸው፣ መላክ የጀመሩት የአገር ቤቱን መሠረት ካደላደሉ በኋላ መሆኑ ነው።

አውስትራሊያ ይህን ሐሳብ የምታፈርስ ሊመስል ይችላል። ሕዝቧ ትንሽ ነው፤ ከምትሠራው ስኳር ከአምስት እጅ አራቱን ትልካለች፤ ጓቴማላም የምርቷን ብዙ እጅ ትሸጣለች። እውነት ነው። ግን የኩዊንስላንድ ሸንኮራ የሚበቅለው በባሕር ዳርቻ ነው፤ ከወፍጮው ወደብ ቅርብ ነው። ከናና ግን ከፖርት ሱዳን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር በጭነት መኪናና በነዳጅ የሚከፈል ነው። ወደ ውጭ ለሚላክ ስኳር ርቀቱ ዕዳ ነው፤ ለኮስቲ፣ ለኦምዱርማንና ለካርቱም ለሚሸጥ ስኳር ግን ይኸው ርቀት ከለላ ይሆናል፤ ከብራዚሉ ሳንቶስ ወደብ ተነሥቶ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ከዚያም በረሃውን ተሻግሮ የሚመጣው ስኳር ነውና የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው። የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ሱዳንን «ለቤትሽ አምርቺ» ይላታል።

ከናና ከንቱ ድካም ነበር ለማለት አይደለም። ሸንኮራ ከተቆረጠ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ አንድ ሁለት ቀን ካደረ ውስጡ ያለው ስኳር እየተበላሸ ይሄዳል። ስለዚህ ቆራጩ፣ ጋሪው፣ ወፍጮውና ማፍያው እንደ አንድ ሰውነት መንቀሳቀስ አለባቸው። ከናና ላይ ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ከባድ ሥራም አለ፤ ውሃው ከነጭ ዓባይ በፓምፕ እየተገፋ፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተቀባበለ፣ ከ40 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ነው እርሻው ላይ የሚደርሰው። ከተጨመቀው አገዳ የሚቀረው ባጋስ ማፍያውን እያነደደ ለፋብሪካው ኃይል ይሰጣል። ከሞላሰሱ ኢታኖል የሚያወጣው ክፍል በ2009 ሥራ ጀምሮ ወደ አውሮፓ እስከመላክ ደርሷል። ይህን ሁሉ ሱዳናውያን መሐንዲሶችና ሠራተኞች ለአሥርተ ዓመታት አንቀሳቅሰውታል፤ በመልካም ዓመታት ምርቱ ወደ 400,000 ቶን ይጠጋ ነበር። ከእሱ በፊት የጁነይድ ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰማያዊ ዓባይ ዳር፣ የኒው ሐልፋው ጥቂት ዘግይቶ በአትባራ ወንዝ ውሃ፣ ከዚያም የሴናርና የአሳላያ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ዕውቀቱ ነበር። የጎደለው ዕውቀቱን ለአገር ገበያ የሚያስገዛ ፖሊሲ ነው።

የፖሊሲው ጉድለት ሁለት ፊት ነበረው። የመጀመሪያው፣ ስኳር ለመንግሥት የገቢ ምንጭ መሆኑ ነው። ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ መንግሥት የስኳር ንግድን በብቸኝነት ይዞ ያተርፍበት ነበር፤ ከነጻነት በኋላም በስኳር ላይ የሚጣለው ግብር ካዝናውን መሙላቱን ቀጠለ። ከሻይ ጠጪው ኪስ የወጣው ገንዘብ ሸንኮራውን ለማደስና ፓምፑን ለመጠገን መመለስ ሲገባው ለሌላ ዋለ። ሁለተኛው፣ የመላክ ጉጉት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለድሃ አገሮች ስኳር ያለ ቀረጥ በሩን ሲከፍት፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ ከሚገኘው እጅግ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ቻሉ፤ እስከ 2006ቱ ማሻሻያ ድረስ ኅብረቱ ለነጭ ስኳር የያዘው ዋጋ በቶን 632 ዩሮ ገደማ ነበር። የተወደደውን ልኮ የረከሰውን ማስገባት ብልኅ የነጋዴ ስሌት ነው፤ ጥፋት አልለውም። ግን ስሌቱ የቆመው ብራስልስ ላይ ነበር። ማሻሻያው ዋጋውን በሲሶ ያህል ቀነሰው፤ በ2017 ደግሞ ኅብረቱ የአምራቾቹን ኮታ አነሣ፤ ብልጫውም አብሮ ሟሸሸ። በሌላ ሰው ቸርነት ላይ የተሠራ ገበያ ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር አብሮ ይፈርሳል።

ብዙ ሱዳናውያን ጥፋቱን የሚያሳርፉት በማዕቀቡ ላይ ነው። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 የጣለችው ማዕቀብ በእርግጥ ጎድቷል። በዓመት 450,000 ቶን እንዲያመርት የታቀደው የነጭ ዓባይ ስኳር ፋብሪካ በሚያዝያ 2012 ሊመረቅ ሲል ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር በማዕቀቡ ሰበብ በመከልከሉ ምረቃው ለሐምሌ ተላለፈ። ሆኖም ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላም ሱዳን ስኳር ከማስገባት አልወጣችም። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ የነዳጁ ገቢ ብዙው አብሮ ሄደ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ መለዋወጫ መግዣም ስኳር መግዣም አብሮ አጠረ። «ስኳር ከብራዚል መግዛት ይረክሳል» የሚለው ክርክር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በዶላር ርካሽ የሆነ ዕቃ ዶላር ለሌለው ርካሽ አይደለም። ሕንድ በሯን ስትዘጋና ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ መጀመሪያ ከሰልፉ የሚወጣው ድሃው ገዢ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የውሃውና የመሬቱ ነው። ሸንኮራ ውሃ ይጠጣል፤ በ1959ኙ ስምምነት ሱዳን የያዘችው የዓባይ ድርሻ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ እሱም ለጥጥ፣ ለስንዴና ለማሽላ ጭምር ነው። ለፋብሪካ የሚከለለው ሜዳም ከብት የሚሰማራበት፣ ዘላን የሚያልፍበት ነው። ይህን ክርክር አልመልሰውም፤ ከእኔ ሐሳብ ጋር ይሄዳልና። ለመላክ የሚያቅድ መንግሥት ሁልጊዜ ተጨማሪ ሄክታር ይፈልጋል፤ ለገበታ የሚያቅድ ግን መቼ ይበቃል የሚለውን ያውቃል፤ አዲስ መሬት ከመከለሉ በፊት ያለውን እርሻ ምርት ከፍ ማድረግ ይቀድመዋል። በኢትዮጵያም የሆነውን እናስታውስ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1954 ወንጂ ላይ ሥራ ሲጀምር ፋብሪካው ለአገር ገበያ ነበር፤ በ2010 የወጣው የአምስት ዓመት ዕቅድ ግን ምርቱን ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን አድርሶ ከግማሽ በላዩን ለመላክ ያለመ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ አገሪቱ ስኳር ገዢ ሆና ቀጠለች። ከሱዳኑ ከናና እስከ ኢትዮጵያው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ስሕተቱ አንድ ነው፤ ጣሪያው ከመሠረቱ ቀድሟል።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ዋድ መዳኒ፣ በቀጣዩ ሰኔ ወደ ሲንጃ ደረሰ፤ የሸንኮራው አገር የጦር ሜዳ ሆነ። ሰላም ሲወርድ ፓምፖችና ወፍጮዎች መጠገን አለባቸው፤ ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ፤ «ስንት ሺህ ቶን ትልካላችሁ?» ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የቀን ሠራተኛው በቀን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት ስኳሩን በስንት ያገኘዋል? ገበሬው ከዚያ ዋጋ ስንቱ ይደርሰዋል? ለፓምፑ መጠገኛ ስንቱ ይቀመጣል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ አገር ትርፍ ሲኖረው ወደቡ አይጠፋበትም። ሻይ ሻጭዋ ወደ ዛፏ ጥላ ተመልሳ ጣሳዋን ስትከፍት ስኳሩ ከወንዙ ዳር የመጣ ከሆነ፣ የከናና ሥራ ያን ጊዜ ደረሰ ማለት ነው።