የሁለት ሊትሩ ሒሳብ፦ ርካሽ የታሸገ ውሃ ያዋጣል?

በአዲስ አበባ በየትኛውም ሰፈር አንድ ሱቅ በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ከዳቦና ከስኳር ቀጥሎ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» የሚለው ነው። የሚሸጠው ውሃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከቧንቧ ተቀድቶ በብርጭቆ ይቀርብ የነበረው፣ በምግብ ቤትም ከሒሳብ የማይገባው ውሃ፣ ዛሬ የራሱ ስም፣ የራሱ ማስታወቂያና የራሱ የዋጋ ጦርነት ያለው ሸቀጥ ሆኗል።

የዋጋ ጦርነቱ የሚካሄደው ወደ ታች ነው። ስማቸው ከገነነው ውሃዎች ጎን ብዙም ያልተሰማ ስም የለጠፉና ከሌላው በጥቂት ብር የሚቀንሱ ጠርሙሶች ይደረደራሉ። ሸማቹም ከሁለቱ ርካሹን አንስቶ ሲሄድ ያተረፈ ይመስለዋል። ያተረፈው ግን ከጎኑ ከነበረው ውድ ጠርሙስ አንጻር እንጂ እቤቱ ካለው ቧንቧ አንጻር አይደለም። ማነጻጸሪያው ሲለወጥ ሒሳቡም ይለወጣል።

አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ሲመደብ ቤተሰቡ በቀን 10 ሊትር፣ በወር 300 ሊትር ያስፈልገዋል። ለስሌት እንዲመች የርካሹ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ዋጋ 40 ብር፣ የታወቀው ደግሞ 50 ብር ነው ይባል። በቀን አምስት ጠርሙስ ሲገዛ ርካሹ በወር 6,000 ብር፣ ውዱ 7,500 ብር ይፈጃል። ርካሹን የመረጠ የ1,500 ብር ቅናሽ አገኘ ማለት ነው። ለአንድ ደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን 6,000 ብሩ ራሱ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አሁን ደግሞ ቧንቧው። የውሃ ደረሰኝ የሚቆጥረው በሜትር ኪዩብ ሲሆን አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። የቤተሰቡ የወር መጠጥ 300 ሊትር ስለሆነ የአንድ ሜትር ኪዩብ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው የቀድሞ የአዲስ አበባ ታሪፍ በወር እስከ 7 ሜትር ኪዩብ ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ 1 ብር ከ75 ሣንቲም ነበር። በዚያ ስሌት የቤተሰቡ የወር መጠጥ ውሃ 53 ሣንቲም ያህል ነበር። ያ ዘመን ይቅርና አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ብር ቢገባ እንኳ ወጪው 15 ብር ነው። ማንም ሰው የራሱን ደረሰኝ አውጥቶ የከፈለውን ብር ለተጠቀመበት ሜትር ኪዩብ ቢያካፍል ለአንድ ሊትር የሚደርሰው በሣንቲም የሚቆጠር ነው።

እርግጥ ቧንቧውን እንዳለ ለመጠጣት የማይደፍር ብዙ ነው። ስለዚህ ማፍያውም ይቆጠር። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ብክነቱን ጨምሮ ከኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ትንሽ ከፍ የሚል፣ 0.12 ያህል ኤሌክትሪክ ይበቃል። ለ300 ሊትር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ኪሎ ዋት ሰዓቱ በ5 ብር ቢታሰብ 180 ብር ነው። ከውሃው 15 ብር ጋር ሲደመር 195 ብር። በከሰል ለሚያፈላ ወጪው ከዚህ ይበልጣል፤ ያም ሆኖ 6,000 ብር ለመድረስ ብዙ ማዳበሪያ ከሰል ማንደድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ርካሹ ጠርሙስ ተፈልቶ ከተቀመጠው የቧንቧ ውሃ ሠላሳ እጥፍ ይወደዳል። በዚህ ዓይነት የዋጋ ልዩነት ውስጥ በሁለት ጠርሙሶች መካከል ያለው የ10 ብር ክርክር ዋና ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ቧንቧው ሲመጣ

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ቧንቧው ሲመጣ ነው የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው በዋናነት ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። የለገዳዲ ግድብ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከተማዋ የት እንደደረሰች ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። ፈረቃ የሚባለው ቃል በቤት እመቤቶች ቋንቋ ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው።

ፈረቃው ችግሩን የሚፈጥረው በመጠን ብቻ አይደለም። ከማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣው ውሃ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው። ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ በግፊት ቢፈስ ከውጭ የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይወርድና በተሰነጠቀ መስመር በኩል የአካባቢው እርጥበት፣ አንዳንዴም የፍሳሽ ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ውሃ የዚሁ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ ውስጥ ይከርማል፤ ሮቶው ለዓመታት ሳይታጠብ የቆየ ሊሆን ይችላል። ወይም ጀሪካን ውስጥ ይቀመጥና በየሰዓቱ ጣሳ ይነከርበታል። ብዙ ሰው «የቧንቧ ውሃ አመመኝ» ሲል በአብዛኛው ያመመው ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ሳይሆን በመንገድና በቤት ውስጥ የደረሰበት ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የተባለው፣ ከተማዋን ባስጨነቀ ጊዜ ሕዝቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ሲመከር የነበረውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ማፍላት። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይመከራል። ማፍላት ለማይችል እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ፈሳሾች አሉ፤ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ድፍርስ ውሃ ለሚያጋጥመው ደግሞ ቆሻሻውን ወደ ታች የሚያዘቅጠው ቢሻን ጋሪ አለ። ክሎሪኑ ሽታ አለው የሚል ቅሬታ የተለመደ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ሽታውን ይቀንሰዋል።

ቧንቧው ጨርሶ ሲጠፋ በጋሪና በአህያ የሚመጣው ጀሪካን ይተካዋል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ብር ቢሸጥ ሊትሩ 1 ብር ነው፤ ሜትር ኪዩቡ 1,000 ብር ይሆናል። ቧንቧ በግቢው ያለው ጎረቤት ለዚያው ውሃ 50 ብር ከከፈለ፣ ቧንቧ የሌለው ሃያ እጥፍ ከፈለ ማለት ነው። ድሃ ውሃን ከሀብታም አስወድዶ እንደሚገዛ የኢኮኖሚ ሰዎች የሚናገሩት ይህንን ነው። ይሁንና ለዚህም ቤተሰብ ቢሆን 15 ጀሪካን 300 ብር፣ ማፍያው 180 ብር፣ በድምሩ 480 ብር ነው። ከጠርሙሱ ጋር አሁንም አይገናኝም።

ርካሹ ለምን ረከሰ?

በታሸገ ውሃ ዋጋ ውስጥ ትንሹ ወጪ ውሃው ነው። አምራቹ ከጉድጓድ ያወጣል፣ ያጣራል፣ በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያክማል። ገንዘቡን የሚበላው ጠርሙሱ ነው። ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ፕሪፎርም የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የዶላር እጥረት በተባባሰ ቁጥር የውሃ ዋጋ ይንራል። ክዳኑ፣ መለያ ወረቀቱ፣ ማሸጊያ ላስቲኩ፣ የመኪናው ናፍጣ፣ የአከፋፋዩና የባለሱቁ ትርፍ ይከተላሉ። ከዚያ መንግሥት አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 በፋብሪካ በታሸገ ውሃ ላይ 30 በመቶ ጥሎ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ምጣኔውን ቢቀንስም የሚሰላበትን መሠረት ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ አዞረው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶም ከላይ አለ። ውሃ ለመጠጣት የቅንጦት ታክስ መክፈል ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው።

እንግዲህ አንዱ አምራች ከሌላው በ10 ብር ቀንሶ የሚሸጠው ከነዚህ ከአንዱ ላይ ቆጥቦ ነው። ፋብሪካው ሱሉልታ ወይም ሰበታ ሆኖ ለገበያው የቀረበ ከሆነ በትራንስፖርት ይቆጥባል፤ ይህ ጤናማ ቁጠባ ነው። ጠርሙሱን አሳስቶ በፕላስቲክ ክብደት የሚቆጥብም አለ፤ ሲይዙት የሚጨማደደው ጠርሙስ የዚህ ውጤት ሲሆን ውሃውን አያበላሸውም። በማስታወቂያ ላይ ገንዘብ ያላፈሰሰም እንዲሁ ይቀንሳል። አሳሳቢው ቁጠባ ማጣሪያውን በጊዜው ባለመቀየር፣ በላቦራቶሪ ምርመራና በጠርሙስ ንጽሕና ላይ የሚደረገው ነው። ችግሩ ሸማቹ መልካሙን ቁጠባ ከክፉው በዓይኑ መለየት አለመቻሉ ነው። ዋጋ ውድ መሆኑም ዋስትና አይደለም። ኮካ ኮላ ዳሳኒ የተባለውን ውሃውን እንግሊዝ አገር ባስገባበት በ2004 እ.ኤ.አ. ውሃው በለንደን ዳርቻ ከምትገኝ ሲድከፕ ከምትባል ሥፍራ ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑ ታወቀ፤ ቀጥሎም ብሮሜት የተባለ ኬሚካል ከሕጋዊው መጠን አልፎ ስለተገኘበት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ። የቧንቧው ውሃ ችግር አልነበረበትም። ብሮሜቱ የመጣው ፋብሪካው ውሃውን «ሲያሻሽለው» ነው።

በኢትዮጵያ የታሸገ ውሃ አስገዳጅ ደረጃ ከወጣላቸው ምርቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው በፊት የደረጃ ምልክቱን፣ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ከሥሩ ያለው ቀለበት ተቆርጦ መቅረት አለበት። ቀለበቱ ቀድሞ የተላቀቀ ከሆነ ጠርሙሱ ዳግመኛ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ባዶ ጠርሙስ ቆራሌው ገዝቶ ምናለሽ ተራ በሚያደርስበት ከተማ ይህ ተራ ጥንቃቄ ነው። «ሃይላንድ» የአንድ ውሃ ስም መሆኑ ቀርቶ የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ የሆነው፣ ዘይቱም ላምባውም በእሱ ስለሚሸጥ ነው። ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃም ርካሽ ቢሆን ባይገዛ ይሻላል።

አምቦ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የሚታሸገውን ይህን ውሃ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለጋዙና ለጣዕሙ ነው፤ ክትፎ በልቶ አምቦ የሚያዝን ሰው ከቧንቧ ጋር አወዳድር ማለት ቀልድ ይሆናል።

ጠርሙሱ የሚያዋጣበት ቦታም አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በላይ ለዓመታት የሚጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። እዚህ ላይ ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይብሳል። ክሎሪንም አያወጣውም። በነዚህ አካባቢዎች ለትንንሽ ልጆች መጠጥ ብቻ የታሸገ ውሃ መግዛት ትርጉም አለው፤ ያም ቢሆን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን አንብቦ ነው። የታሸገ ሁሉ ከፍሎራይድ የጸዳ አይደለም። ለመንገደኛና ውሃ ማፍያ ለሌለው ሰውም ጠርሙሱ አማራጭ የለውም።

ከገንዘቡ ይልቅ ሒሳቡን የሚያዛባው ይሉኝታ ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ልደት፣ ሁሉም ጋ የታሸገ ውሃ ይደረደራል። አፍልታ አቀዝቅዛ በጆግ ያቀረበች ባለቤት «ከቧንቧ ነው?» ብትባል ትሸማቀቃለች። ሁለት መቶ ሰው ለጠራ ድግስ ለእያንዳንዱ አንድ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሲቀርብ፣ በ15 ብር ቢታሰብ፣ 3,000 ብር ለ100 ሊትር ውሃ ወጣ ማለት ነው። ከጠርሙሶቹም ብዙዎቹ ግማሻቸው ሳይጠጣ ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። ለዚያው 100 ሊትር ባለ ሁለት ሊትሩ ርካሽ ጠርሙስ በ40 ብር ቢገዛ 2,000 ብር፣ ተፈልቶ በጆግ ቢቀርብ 65 ብር ይበቃ ነበር።

ምግብ ቤቶችም ይህንን ይሉኝታ ያውቁታል። ደንበኛው ገና ሳይቀመጥ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋው ከሱቁ ጨምሮ ሒሳብ ላይ ይመጣል። ያልከፈቱትን ጠርሙስ መልሱልኝ ማለት ግን ይቻላል፤ አስተናጋጁም ያለ ምንም ክርክር ያነሳዋል።