ከጫት እስከ ጨብሲ፦ «ለጥናት ነው» የሚለው መንገድ



ስለ አስካሪ መጠጥ ሲነሳ አብዛኞቻችን «ይህ እኛን አይመለከትም» እንላለን። አልሐምዱ ሊላህ፣ ከሙስሊም ቤት ወጥቶ በቀጥታ መጠጥ ቤት የሚገባ ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን ወደዚያ የሚያደርስ ሌላ በር አለ፤ እርሱም «ለጥናት» ተብሎ የሚጀመረው ጫት ነው።

ጫት ለኛ ሩቅ አይደለም። ከሐረርጌ ደጋ የተቆረጠው አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያም በጅቡቲው መንገድ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ሎጊያና ሰመራ ይገባል። መኪናው የሚጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል። ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ፈተናው የሚመጣው ምርቃናው ሲያልቅ ነው። ሰውነት ይዝላል፣ ድብርት ይጫናል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ያን ጊዜ «ጨብሲ» የሚል ምክር ይሰማል፤ ምርቃናን በቢራ ወይም በአረቄ መስበር ማለት ነው። አልኮል ግን ጫቱን ከደም አያወጣውም። አንዱ ሲያነቃ ሌላው ስለሚያደነዝዝ፣ ጠጪው ስካሩ ቶሎ አይታወቀውምና ከልኩ ያልፋል። በዚህ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን ከተጨመረ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል።

ጥናቱስ? ያነበብነው በአእምሯችን የሚረጋው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን በምርቃና ያነጋ ተማሪ ትምህርቱንም የፈጅር ሶላቱንም ያጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 90 እና 91 ኸምርን ሲከለክል፣ ሸይጧን በእርሱ ጠላትነትን ሊዘራብንና ከሶላት ሊያግደን እንደሚሻ ነግሮናል። በጫት ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከ400 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለ እርሱ የማስጠንቀቂያ ድርሳን ጽፈዋል። ሶላትን የሚያስጥል፣ ወደ ኸምር የሚያደርስ ነገር ግን ለማንም አያከራክርም። የሀገሪቱ ሕግም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዒሻ በኋላ በጊዜ ተኝተን ከፈጅር በፊት እንነሳ፤ በሰመራ ሙቀት ለጥናት የሚመቸው ሰዓትም ያው ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ መታገስ ከቻልን፣ ከረመዳን ውጭም እንችላለን። የተጠመደ ወንድማችንን በሰው ፊት አናጋልጠው፤ ለብቻው እናናግረው፣ ወደ ክሊኒክም አብረነው እንሂድ። መጠጥ አዘውትሮ ድንገት ያቆመ ሰው ከተንቀጠቀጠ ወይም ከቀባዠረ ለሕይወቱ ያሰጋልና ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሰው።

አላህ ዓቅላችንንም ዲናችንንም ይጠብቅልን። አሚን!