ያውቁ ኖሯል? የከሚሴ የበግ ውሻ በግ አይነዳም

ከሚሴ አጠገብ ባለው የጨፋ ሜዳ ጥቂት በጎች ተሰማርተው ቢያዩ፣ አብሯቸው የዋለው ውሻ መንጋውን የሚነዳ እንዳይመስልዎ። በከሚሴና በአካባቢዋ፣ በአብዛኛው የሀገራችን ገጠርም እንዲሁ፣ የውሻው ሥራ ጥበቃ ነው። የሚነዳው እረኛው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ልጅ ነው። ወደ ማሽላ ማሳ ያመራችውን በግ በፉጨት፣ በጩኸት፣ ካልሆነም ሽመሉን ይዞ ሮጦ ይመልሳታል። ውሻው ዳር ይዞ ይተኛል፤ ቀበሮ ወይም ጅብ ሲሸተው ግን ጆሮውን ቀስሮ ይነሣና መጮኽ ይጀምራል።

በግ የሚነዳ ውሻ በሌላ አገር አለ። ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ወሰን የተገኘው ቦርደር ኮሊ በጎቹን አፍጥጦ እያየ፣ አድፍጦ እየተጠጋ እረኛው ወደሚፈልገው ቦታ ይወስዳቸዋል። ጠባዩ የአዳኝ ነው፤ ሰው ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ሲያራባው ማድፈጡን አቆይቶ መግደሉን ገታበት።

ወደ ከሚሴው ጠባቂ ውሻ ስንመለስ፣ የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ውሻ ቤት ውስጥ ማኖር በእስልምና ባይወደድም፣ ለመንጋ ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ ግን በሐዲስ ተለይቶ ተፈቅዷል።

በበጋ ደግሞ ጠባቂ በብርቱ ያስፈልጋል። በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው የጨፋ ረግረግ በዙሪያው ያለው ቆላ ሲደርቅ ለምለም ሆኖ ስለሚቆይ፣ የኦሮሞና የአማራ አርቢዎች ብቻ ሳይሆኑ የአፋር አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል፤ ስፍራውም በመንጋ ይሞላል።