ፒዛው ትንሽ፣ ትዝብቱ ብዙ

እኛ ሰፈር ታፔላዋ የደበዘዘ፣ አምስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ፒዛ ቤት አለች። ደንበኞቿን ስታዘብ አንድ ነገር ገባኝ፦ የፍቅረኛን ጠባይ ለማወቅ እንደዚህች ያለ ቤት የለም!

ረቡዕና ዓርብ የጾም ፒዛ ይሠራል፤ ቺዝ የለውም፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። አንዱ ዘናጭ ግን የምትጾም ጓደኛውን ሳይጠይቅ ባለ ሥጋውን አዘዘ። ልጅቷ ለስላሳዋን ብቻ ጠጥታ ወጣች። ሌላው ደግሞ ኪሱን ዳበስ አድርጎ፣ «አንዱ ለሁለት ይበቃናል?» አላት። «ሚጥሚጣ ካለበት ይበቃል!» ብላ ሳቀች። እነዚህኞቹ ዛሬም አብረው ይመጣሉ።

«እዚህ እንዴት ይዣት ልምጣ?» ብሎ የሚያፍርም አለ። ምኑ ያሳፍራል? እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ የመዘገበው የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች ሙያ እኮ ሊጡን አዘጋጅቶ በእንጨት ምድጃ መጋገር ነው፤ የቤቱ ድምቀት አይደለም።

እናም ጎበዝ፣ ለመጀመሪያ ቀጠሮ ተበድራችሁ ትልቅ ሆቴል አትግቡ። ሰፈራችሁ ካለችው ፒዛ ቤት ተቀመጡና እዩ፦ አስተናጋጇን በአክብሮት ነው የሚጠራት ወይስ እያጨበጨበ? የመጨረሻዋን ቁራጭስ ለማን ይተዋል? ትዳር ውስጥ የሚጠብቃችሁም ይኸው ጠባይ ነው።