ምትክ የሌለው ቆርቆሮ

በጉለሌ ቁስቋም አካባቢ ለሕፃናት ዱቄት ወተት ገዢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ አንጀቱ ተበላሽቶ አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ለወጣበት ሕፃን የተለመደው ቆርቆሮ አይበጀውም። አንጀት ሲያጥር ምግብና ውኃ የመምጠጥ አቅሙም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚመገበው በደም ሥር ነው፤ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ቅባት፣ ጨውና ቫይታሚን ተመጥኖ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የእናት ጡት ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይጀመርለታል። ቀሪው አንጀት ሥራውን እየለመደ ሲሄድ የደም ሥሩ ምግብ ይቀነሳል። ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

የእናት ወተት ላልተገኘለት ወይም ላልበቃው ሕፃን በአሚኖ አሲድ የተዘጋጀ ልዩ ዱቄት ሊታዘዝ ይችላል። አምራቾቹ ግን ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 አቦት የተባለው ኩባንያ ምርቱን ከገበያ ሰብስቦ የሚቺጋን ፋብሪካውን ሲያቆም፣ በአሜሪካ እንኳ አጭር አንጀት ያላቸው ልጆች ምግባቸው ጠፍቶ ሆስፒታል ገብተዋል።

በአገራችን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪው ሂሳብ ከዶላር ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ደንበኛው ጥቂት የሆነ፣ ቆይቶም የሚበላሽ ዕቃ ነጋዴን አያጓጓም። አቅርቦቱ ቢቋረጥ ግን ገዢው ወደ ሌላ መደርደሪያ መዞር አይችልም። የሚያዋጣው ከሆስፒታል ጋር አስቀድሞ መዋዋልና በአንድ አምራች ብቻ አለመተማመን ነው።

ምንዛሪ የማይጠይቀው አቅርቦት የእናት ወተት ነው። የቁስቋሟ እናት ከሕፃኗ አጠገብ በልታ፣ አርፋ እንድትቆይ የሚወጣ ገንዘብ ኪሳራ አይባልም።